ጥርሱን አይቶ፣ ጠምዶ አይቶ

የአክስቴ ባል በሬ ሲገዙ ጥርስ ያያሉ። ታች ጋይንት ውስጥ፣ ዓርብ ገበያ ከብት ተራ መካከል ቆመው የበሬውን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገለጥ ያደርጉና ጥርሱን እንደ ብር ይቆጥራሉ። ከዚያ ሻኛውን ጨበጥ፣ ሰኮናውን ነካ፣ ጭራውን ቀና አድርገው ጨዋ ሰው የማያየውን ሁሉ ያያሉ። የግንባሩ አዙሪት የት ላይ እንደዋለች ሳያረጋግጡ ከኪሳቸው አምስት ሳንቲም አይወጣም። በመጨረሻ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው «ይህስ እንከን የለውም» ይላሉ። ብይኑ ተሰጠ ማለት ነው።

አንድ ዓመት እንዲህ ተፈርዶለት የመጣ እንከን የለሽ በሬ፣ ቀንበር ሲጫንበት ሁለት ትልም ሄደና በሦስተኛው ተኛ። ወደቀ አላልኩም፤ ተኛ። እግሩን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ ማመስኳት ጀመረ። በጅራፍም በልመናም አልነሣ አለ። አክስቴ ምሳ ይዘው ከማሳው ዳር ደርሰው ነበርና «ጥርሱን አዩ እንጂ ልቡን መቼ አዩ!» አሉ። ባላቸውን በአንቱታ ነው የሚጠሯቸው፤ ሲሰድቧቸውም ማዕረጋቸውን አይቀንሱባቸውም።

የጎረቤታቸው ስልት ሌላ ነው። እሳቸው የበሬ ጥርስ ነክተው አያውቁም። «ጥመዱልኝና ልየው» ይላሉ፣ በቃ። ሻጩ እያጉረመረመም ቢሆን ሁለት ቀን አርሰው ይሞክሩታል። ታዲያ ለጋሚ በሬ ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ግን ሁለት ቀን እንደ ነብር የጎተተላቸውን በሬ ገዝተው ገለባ ቢያቀርቡለት አላነሣም አለ፤ ድርቆሽ ቢያቀርቡለት አገላብጦ ተወው። ኋላ አፉን ሲከፍቱት፣ ለካ ጥርሱ አልቆ በድዱ ነው የሚኖረው።

እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ሶፍትዌር እሠራለሁ። እነዚህ ሁለት ሰዎች መሥሪያ ቤታችን ውስጥም አሉ፤ ልዩነቱ በኩታ ፈንታ ሹራብ መልበሳቸው፣ በዱላ ፈንታ የማኪያቶ ስኒ መያዛቸው ነው። አንደኛው «ኮዱ ከመውጣቱ በፊት በስታቲክ አናሊሲስ ይታይ» ይላል። ሌላው «ይውጣ፤ ቴሌሜትሪው ይነግረናል» ይላል። ለሁለቱም የሚበቃ ጊዜና ገንዘብ ስለሌለ በየሰኞው ስብሰባ እንቀመጣለን።

ስታቲክ አናሊሲስ ያው ጥርስ ማየት ነው። ፕሮግራሙ ሳይነሣ፣ አንድ መስመር ሳይሠራ፣ የተጻፈው ኮድ እንዳለ ይነበባል። አንባቢውም ሌላ ፕሮግራም ነው፤ አይደክመውም፣ ይሉኝታም አያውቅም። «ይህን ፋይል ከፍተህ አልዘጋኸውም፤ ይህ ቁጥር ለዚህ ቦታ ይበዛል፤ ይህን ስም ሰጥተህ አልተጠቀምክበትም» እያለ ይዘረዝራል። ከቀደሙት አንዱን በ1978 እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ውስጥ ስቲቨን ጆንሰን ሠራውና «ሊንት» አለው፤ ልብስ ላይ የሚቀር ብናኝ ማለት ነው። ሰውየው እስቴ ተወልዶ ቢሆን «እንክርዳድ» ይለው ነበር፤ ሥራው ከአያቴ ሰፌድ ሥራ አይለይማ።

አያቴ እዚያው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አጠገብ ነው የሚኖሩት። የእሳቸው ስታቲክ አናሊሲስ በእህል አያበቃም። ከዘመድ ልጆች ለአንዱ ሚስት ሲታጭ፣ ልጅቱን ከማየታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ፣ በእናቷስ በኩል የማን ወገን እየተባለ ወደ ኋላ ሲኬድ ከሰዓቱ ያልቃል፤ ቡናውም በረካ ሆኖ ይቀጥናል። ሰባት ቤቱ ንጹሕ ሆኖ የወጣለት የአጎቴ ልጅ ዛሬ ከሚስቱ ጋር የሚነጋገረው በሽማግሌ በኩል ነው።

የጥርስ ተመልካቾች ችግር የስንፍና እንዳይመስላችሁ። አላን ቱሪንግ በ1936 እ.ኤ.አ. በስሌት አረጋግጦ ያስቀመጠው ነገር አለ። አንድ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ይቆማል ወይስ ሲዞር ይኖራል የሚለውን፣ ለሁሉም ፕሮግራም ሳይሳሳት የሚፈርድ ዘዴ ሊኖር አይችልም። በዓርብ ገበያ ቋንቋ፣ የበሬን ሁሉ ልግም ሳይጠምድ የሚያውቅ ሰው አይወለድም። ስለዚህ ጥርስ ተመልካቹ ሁለት መንገድ ነው ያለው፤ ወይ አንዳንድ ለጋሚ ያመልጠዋል፣ ወይ ደኅናውንም ይጠረጥራል። የእኛው መሣሪያ ጠርጣራ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ቀን ስናስነሣው ከሺህ በላይ ማስጠንቀቂያ ዘረገፈ። ሰው ከሺህ በላይ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሲሰጠው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ምሳ ይወጣል።

ግን ደግሞ ጠምደው ሊሞክሩት የማይቻል በሬ አለ። በሰኔ 1996 እ.ኤ.አ. አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት በተተኮሰች በ40 ሰከንድ ገደማ ብትንትኗ ወጣ። ከቀድሞዋ አሪያን 4 በውርስ በመጣ ኮድ ውስጥ አንድ ቁጥር ከተሰጠው 16 ቢት ቦታ ተርፎ ፈሶ ነበር፤ የኩንታል እህል ቁና ውስጥ እንደ መገልበጥ። ሮኬትን «ሁለት ቀን አርሼ ልየው» አይሏትም። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ «አስትሬ» የተባለ የፈረንሳዮች መሣሪያ የኤርባስ ኤ340ን ዋና የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር አንብቦ የዚህ ዓይነት ስሕተት እንደሌለበት አረጋገጠ። ጥርስ ብቻ አይቶ! ይህን ለአክስቴ ባል ስነግራቸው «አላልኩሽም?» ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። በሬው ከተኛ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር።

ወደ ቴሌሜትሪ ልምጣ። ፕሮግራሙ በሰው እጅ ሆኖ ሲሠራ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ የት ላይ እንደተሰናከለ፣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ለሠሪው ይልካል። አክስቴ ይህን እንደምሠራ ስነግራቸው ቴሌ የተቀጠርኩ መስሏቸው «ሰማህ ጸሎቴን» ብለው የኔትወርኩን ነገር አደራ አሉኝ። ነገሩ ግን ከቴሌም በፊት በሠፈራችን ነበር። በማለዳ የጎረቤት ልጅ ገል ይዛ «እሳት ልጫር» ብላ ትገባለች። ቤታቸው ክብሪት አለ፤ እሳትም አለ። ፍሙን እየመረጠች ምን እንደተጣደ፣ ማን ማንን እንዳኮረፈ፣ እንግዳው መቼ እንደሚሄድ አይታ ትወጣለች። ፍሙ አመድ ሳይለብስ ወሬው እናቷ ዘንድ ደርሷል።

ስለዚህ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። በ2023 እ.ኤ.አ. «ጎ» የተባለውን የጉግል የፕሮግራም ቋንቋ የሚመሩት ሰዎች አንድ ሐሳብ አቀረቡ። መሣሪያቸው ስለ አጠቃቀሙ ቁጥር እየሰበሰበ ይላክልን፣ ያልፈለገ ራሱ ያጥፋው አሉ። የማንንም ስም አንይዝም ቢሉም ብዙ ፕሮግራመር ተነሣባቸው። መጨረሻው የፈለገ ብቻ የሚያበራው ሆነ። እሳት ጫሪዋ ከበር ቆማ «ቤቶች! ልግባ?» እንድትል ተደረገ ማለት ነው።

ወሬው ቀድሞ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ደግሞ መጋቢት 7 ቀን 2016 አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ሌሊቱን ተዛንፎ ለሰው ከሂሳቡ በላይ ይከፍል ጀመር። ባንኩ በኋላ እንደተናገረው ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ የተደረገ የማሻሻያ ሥራ ነበር፤ የጎደለውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ። አብዛኛውን አስመልሷል። ያን ሌሊት ግን ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በስልክ ተዳርሶ ተማሪው ኤቲኤም በር ላይ ተሰልፏል። ከዚያ ሰልፍ የፈጠነ ቴሌሜትሪ እስካሁን አላየሁም።

የእኛው ነገር ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ለእኔ ግን ይብሳል። የሠራነው የገበያ ዋጋ የሚመዘግብ የስልክ አፕ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበያዎች ያሉ መዝጋቢዎች የጤፍ፣ የገብስ፣ የድንችና የበግ ዋጋ ይሞላሉ፤ ኔትወርክ ሲገኝ ስልኩ ወደ እኛ ይልካል። «ሲገኝ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። አገሩ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የቆመበት፣ ስማዳ ደግሞ ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድበት ነው። ጉብታ ላይ ቆሞ ያወራ ሰው ፊቱን ሲያዞር ይቋረጥበታል። ነፋስ መውጫ ላይማ ነፋሱ ሲወጣ ኔትወርኩንም ይዞት የሚወጣ ይመስለኛል።

የቴሌሜትሪው ወገን በመጀመሪያው ወር አንድ አስደንጋጭ ነገር አገኘ። አንድ የስማዳ መዝጋቢ ዋጋ የሚሞላው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነበር፤ በየገበያው ቀን፣ ሳያዛንፍ። «ሰርጎ ገብ ነው» ተባለ። የደኅንነት ባለሙያ ተጠራ። ሁለት ቀን ከተመረመረ በኋላ እኔ ስልክ ደወልኩ። ሰውየው ስልኩን የሞላው እንደማንኛውም አገሬ ሰው በሐበሻ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ስልኩም 2 ይላል፤ የእኛው ማሽን ደግሞ 2 ሲባል በፈረንጅ አስቦ ውድቅት ሌሊት አደረገው። ሌላው መዝጋቢ ይባስ ብሎ ዓመተ ምሕረቱንም በእኛው አድርጎት ኖሯል፤ ስልኩ 2014 ላይ ቆሟል። የኢንተርኔት ደኅንነት ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጸናበት ቀን አለው፤ በዚያ ስልክ አቆጣጠር የእኛ ሰርተፍኬት ሊወለድ ገና ስምንት ዓመት ገደማ ይቀረዋል። ስለዚህ ስልኩ ከእኛ ጋር አልነጋገርም ብሎ ዘጋ። የተላከው ሁሉ በሚታይበት ሰሌዳ፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ይህ ሰው ስሕተት ሆኖ እንኳ አልታየም። አቆጣጠሩን አጥብቆ የያዘው ከሁሉ በፊት ከመዝገብ ወጣ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። መዝጋቢው ቀኑን በአፑ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመርጣል፤ ቀኑን የሚያጣራውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግማሹን ከውጭ ኮድ ገለበጥኩት። ከላይ «ወሩ ከ1 ካነሰ ወይም ከ12 ከበለጠ መልሰው» ይላል። ከታች፣ ሌሊት በራሴ እጅ የጨመርኩት ደግሞ «ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5፣ በአራት ዓመት አንዴም ከ6 አይለፍ» ይላል። እንግዲህ ተመልከቱኝ፤ በር ላይ ዘበኛ አቁሜ ጳጉሜን እንዳትገባ አስከልክዬ፣ እልፍኝ ውስጥ አልጋ አንጥፌ እጠብቃታለሁ።

ስታቲክ አናሊሲሱ አየው። ከሺሁ ማስጠንቀቂያ መካከል አንዷ በአልጋው መስመር ላይ «ይህ ሁኔታ መቼም እውነት አይሆንም» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ ዘበኛው እያለ ማን ሊተኛበት! እኔ ግን በዚያ ሳምንት የማስጠንቀቂያውን ቁጥር መቀነስ ነበረብኝ፤ አለቃችን ሰኞ ሰኞ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ዘበኛውን ትቼ አልጋውን አወጣሁት። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ለዓለም ጎብኚ ያስተዋወቁትን አገር፣ የጋይንት ልጅ በአንድ ቁልፍ የ12 ወር አደረግኳት። መሣሪያው አረንጓዴ ምልክት ሰጠኝ። አለቃችን ማኪያቶ ጋበዘኝ።

ጳጉሜን 2014 ደረሰች። ዳሽቦርዱ ላይ የስሕተት ሪፖርት አንድም የለም። ሁሉም ስልክ በሰላም ይልካል። እንግዳ ነገር የነበረው ግራፉ ብቻ ነው፤ ሰኞ ነሐሴ 30 ላይ እንደ ጉና ተቆልሎ ከዚያ በኋላ ዜሮ። የቴሌሜትሪው ወገን ወዲያው ምክንያት አገኘለት። «ኅብረተሰቡ ለበዓሉ ቀድሞ ሸምቶ ጨርሷል» አለና «የገጠር ሸማች ባህሪ» የሚል ስላይድ ሠራ። ስላይዱ ቆንጆ ነበር። ግራፉ ሐምራዊ ቀለም ነበረው።

ቅዳሜ፣ በዋዜማው፣ አክስቴ ደወሉልኝ።

«በዋዜማ ምን ትሠራለህ ልጄ?»

«ባግ እየፈለግኩ ነው» አልኳቸው። እኛ ፕሮግራመሮች የኮድ ስሕተትን ባግ ነው የምንለው፤ አፌ ቀድሞኝ።

«እስከ ዛሬ በግ ሳትገዛ! እኔን! ትናንት እዚህ ብትሆን ሙክቱን መርጬ እገዛልህ አልነበር? ትናንት ገበያው መርፌ ቢጥሉ መሬት አይወድቅም ነበር።»

«ትናንት ገበያ ነበር እንዴ?»

«ዓርብ አይደል! ዓርብ ገበያ በሰኞ ሊቆም ኖሯል?»

ዳሽቦርዱን አየሁት። የዓመቱ ትልቅ ገበያ የቆመባት ጳጉሜን 4፣ ዓርብ፣ ባዶ ነጭ። ስሟን ከዓርብ ያገኘችው ከተማ ሰኞ ላይ ደምቃለች። ስማዳ፣ ወገዳ ላለው መዝጋቢ ደወልኩ። ሰውየው ምንም አልደነቀውም። «ጳጉሜን አልቀበል አለኝ፤ አምስቱንም ቀን ነሐሴ 30 እያልኩ ሞላሁት» አለ። ለምን አልነገርከንም ብለው «እናንተ የፈለጋችሁት ቅጹ እንዲሞላ አይደል?» አለኝ። ሌሎቹም እንደዚያው ነው ያደረጉት፤ ማንም ሳያስተምራቸው፣ ሁሉም በአንድ ልብ።

እኔን የከነከነኝ መሣሪያዎቹ አለመዋሸታቸው ነው። አንዱ ከወራት በፊት መስመሩን ቆጥሮ ነገረን፤ ሌላው ጉና የሚያህል ክምር ሥሎ አሳየን። አንዱን እኔ ገልብጬ አነበብኩት፤ ሌላውን በሐምራዊ ቀለም ተረጎምነው። እዚያው ጋይንት፣ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው ቤተልሔም፣ ተማሪው የቃሉን ምልክት አሰካክቶ ስለጻፈ ብቻ መምህር ነህ አይባልም፤ ድምፁ ስላማረም አይባልም። መምህሩ ዜማውን እየሰሙ ምልክቱን ይከተላሉ፤ ይዘት የምትባል አንዲት ምልክት ብትዛነፍ ያን ጊዜውኑ ያርማሉ። ግን እሳቸው ድጓውን በቃላቸው ያውቁታል። በእኛ ቢሮም ጳጉሜን መኖሯን የሚያውቅ ሰው ሞልቶ ነበር፤ በዚያ ሰሞንም ሁላችንም ጠበል እንጠመቅባት ነበር። ምልክቱን ከዜማው ጋር ያስተያየ ግን አልነበረም።

ስብሰባው ላይ «የግድ አንዱን ምረጥ» ተባልኩ። ለአገሬ ከሆነ ጥርሱን አስቀድማለሁ አልኩ። ቴሌሜትሪ መልስ የሚሰጠው መልስ ለሚልክ ሰው ነው፤ ገደል ሥር ያለው ስልክ ቢሰበርም ቢሠራም ያው ዝም ነው። ኮዱ ግን እዚሁ ፊታችን አለ፤ ነፋስ መውጫ ዝናብ ቢጥል ባይጥል ይነበባል። የቴሌሜትሪው ወገን አኩርፎ ወጣ። ዘበኛውን አባረርኩ፤ አልጋውን መልሼ ዘረጋሁ፤ እልፍኙንም አጥኜ የ2015ን ጳጉሜን ጠበቅኳት። ያውም ባለ ስድስት ቀኗን።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ጳጉሜን ገባች፣ ወጣች። ግራፉ ዜሮ። በዚህ ጊዜ ስላይድ የሠራ የለም። ገበያው ቆሞ ይሁን ተበትኖ፣ መዝጋቢዎቹ በሰላም ይሁኑ አይሁኑ ዳሽቦርዱ አይልም። አክስቴም መስመሩ እሺ ባለ ቀን «ደኅና ነን፣ እናንተስ?» ብለው ብቻ ይዘጋሉ።

ከብዙ ወራት በኋላ የወገዳው መዝጋቢ ለጉዳይ አዲስ አበባ መጣ። ቢሯችን ጎራ ብሎ ሻይ እየጠጣ ስልኩን ዋይፋይ ላይ አገናኘሁለት። የሞላውን ሁሉ አንድም ሳያጠፋ አስቀምጦት ኖሯል፤ ጳጉሜን 1፣ ጳጉሜን 2 እያለ እስከ 6 ቁልጭ ብሎ መፍሰስ ጀመረ። ደስታዬን ሳልጨርስ የቴሌሜትሪው ማንቂያ ጮኸ። ማንቂያው የሚያየው ዋጋው እኛ ዘንድ የደረሰበትን ሰዓት ነው፤ የተሞላበትን ቀን አያይም። «በስማዳ የበግ ዋጋ ባለፉት አምስት ደቂቃዎች ክፉኛ ወድቋል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

አለቃችን ስኒውን እንደያዘ ሮጦ ገባ።

«ምንድን ነው? ባግ ነው?»

መዝጋቢው ከኔ ቀድሞ ስኒውን አስቀመጠና «አዎ፣ በግ ነው» አለ። «የአምና በግ ነው፤ አሁን በዚያ ዋጋ አያገኙትም።»